ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ፍሪዘር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጋዜጣችሁን የማነበው ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ የሐዘን ማስታወቂያ፣ ቀጥሎ ጨረታ፣ ዜናው መጨረሻ ላይ። የሐዘኑን ለምን እንደማስቀድም እኩዮቼ ያውቁታል። ጨረታውን የማነበው ደግሞ የመሥሪያ ቤት አመል ስላልለቀቀኝ ነው። የላቦራቶሪ ዕቃ ጨረታ ካየሁ እስከ መጨረሻው ሳላነብ አልተወውም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከጨረታው ጎን አንድ ፎቶ አየሁ። አንድ የአገራችን ተቋምና አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ በጤና ምርምር አብረው ለመሥራት የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ ይላል። ጠረጴዛው ላይ ትንንሽ ባንዲራዎች፣ አበባ፣ የታሸገ ውኃ። መነጽሬን አድርጌ ሰዎቹን ቆጠርኳቸው። 14 ናቸው። ሁሉም ሱፍ በሱፍ ሆነዋል። ነጭ ጋዋን የለበሰ አንድ ሰው የለም።

ዜናው ስምምነቱ "የአገሪቱን ሳይንሳዊ አቅም ይገነባል" ይላል። ይገንባ፣ እሰየው ነው። እኔን ግን የዚያን ዕለት ሌሊት ሌላ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከ14ቱ መሐል "ፍሪዘሩ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?" ብሎ የጠየቀ ይኖር ይሆን እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ጠዋት ቡና ላይ ለልጄ ስነግራት "እማዬ፣ ለእኔ ከምትነግሪኝ ለጋዜጣው ጻፊና ይውጣልሽ" አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ።

የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነበርኩ። ከ1982 ዓ.ም. ጀምሬ 31 ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ተመራማሪ ተብዬም አላውቅም። ደም የምቀዳ፣ አክታ ስላይድ ላይ የምቀባ፣ ቱቦ ላይ ቁጥር የምጽፍ ሰው ነበርኩ። የቲቢ ባክቴሪያ በሰማያዊ መደብ ላይ እንደ ቀይ የክር ቁራጭ ሆኖ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል። "የለም" ብሎ ለመፈረም 100 ፊልድ (በማይክሮስኮፕ በአንዴ የሚታየው ክብ ቦታ) ማየት ያስፈልጋል። ስንት መቶ እንዳየሁ እግዜር ይወቀው። የሠራሁበትን ቤት ስም አልጠራም። እዚያ ያሉት ልጆች እንጀራቸው ነው። ደግሞም የማወራው የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት ከአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር የምንሠራው ትልቅ ፕሮጀክት ነበረን። ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ነው። ለሁለት ዓመት ተኩል ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ እየዞርን ደም ቀዳን። እናቶቹ ደግ ነበሩ። አንዳንዷ በባዶ ሆዷ ሁለት ታክሲ ቀይራ ትመጣለች። መርፌው ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞርና "እህቴ፣ ውጤቱን መቼ ነው የምትነግሩን?" ትለኛለች። "ምርምሩ ሲያልቅ እንነግራችኋለን" እላታለሁ። አምኜበት ነበር የምለው።

ደሙ በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል። ሴረሙ፣ ማለትም ከላይ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ፣ ይለይና በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ ማይነስ 80 ይገባል። ማይነስ 80 የምንለው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዘውን ፍሪዘር ነው። ቁም ሣጥን ያክላል። ሁለት ነበሩን፣ ሁለቱንም ያመጣቸው ፕሮጀክቱ ነው። የመጡ ዕለት ከመኪና ለማውረድ ዘጠኝ ሰው ተረባረበ፣ እንደ ሙሽራ ነው የተቀበልናቸው። ሙቀታቸው ከፍ ሲል በሞባይል መልእክት የሚልክ አላርም ነበራቸው፣ ሲም ካርድ ተገጥሞላቸው። ፍሪዘር ቴክስት ሲያደርግ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ፕሮጀክቱ ተዘጋ። በሰዓቱ፣ በሥርዓቱ፣ የሚያጣላ ነገር ሳይኖር። ቢሾፍቱ የመዝጊያ ወርክሾፕ ተደረገ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ የኮንትራት ልጆች ተሰናበቱ። ከቱቦዎቹ ግማሹ ለምርመራ ወደ ውጭ ሄዶ ነበር። የቀረው "ወደፊት ለሚሠራ ምርመራ" ተብሎ እዚሁ ተቀመጠ።

የዚያን ዓመት ጥር 12 ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ሚካኤልን ልሸኝ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ዘበኛችን ነው። ለማንኛውም ብዬ ቁጥሬን የፍሪዘር ክፍሉ በር ላይ በፕላስተር ለጥፌው ነበር። "እትዬ፣ እዚያ በረዶ ቤት ውስጥ የማን ስልክ ነው የተረሳው? ከከተራ ጀምሮ ጢጥ ጢጥ ይላል" አለኝ።

ስልክ አልነበረም። ከተራ ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበር። ሲመጣ በኃይል መጣና የአንዱን ፍሪዘር ኮምፕረሰር ይዞት ሄደ። አላርሙ በባትሪው ሁለት ቀን ሙሉ ጮኸ። መልእክቱ ግን ለማንም አልደረሰም። ለምን መሰላችሁ? ሲም ካርዱ ብር የለውም። ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ጀምሮ ካርድ የሞላለት አልነበረም። እኔም አልሞላሁለትም። የ25 ብር ካርድ! ይሄን ከራሴ አላወርድም።

ስደርስ ከፍሪዘሩ ሥር ውኃ ተኝቷል። ሌላ ጊዜ በሩ ሲከፈት እንደ ዕጣን ጢስ ነጭ ጉም ይወጣና እጅ ይነክሳል። ያን ቀን ምንም አልወጣም። የካርቶን ሣጥኖቹ ረጥበው ቅርጻቸውን ለቀዋል። ቱቦዎቹ ውኃ ላይ ይንሳፈፋሉ። ቁጥር የጻፍኩባቸው ወረቀቶች ተላቀው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። አንዷን ቱቦ አንስቼ ወደ መስኮቱ ያዝኳት። ቢጫው ሴረም ወዲያ ወዲህ ይላል። 2 ሺህ የሚያህል ቱቦ ነው። በአገር ልብሴ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከሩቅ የሚካኤል ዝማሬ ይሰማኛል። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ "እትዬ፣ እኔ ስልክ መስሎኝ እኮ ነው" ይላል ደጋግሞ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፕረሰር ይገዛልን ብለን ጻፍን። ንብረት ክፍል ፋይሉን አገላብጦ "ዕቃው በመዝገባችን ላይ የለም፣ ሞዴል 19 አልተቆረጠለትም" ብሎ መለሰልን። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርታችሁ ለማታውቁ፣ ሞዴል 19 ማለት አንድ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲገባ "ተረክቤያለሁ" ተብሎ የሚቆረጥ ደረሰኝ ነው። እሱ ከሌለ ዕቃው የለም። ዓይናችሁ እያየው የለም። ለሌለ ዕቃ ደግሞ መለዋወጫ አይገዛም። ለውጭዎቹ ጻፍን። በጣም አዝነናል፣ ግራንቱ ግን ተዘግቷል፣ በስምምነቱ መሠረት ዕቃው የእናንተ ነው አሉን። እነሱ "የእናንተ ነው"፣ እኛ "የእኛ አይደለም"። ፍሪዘሩ መሐል ላይ ተገትሮ ቀረ። በኋላ አንዷ የጽዳት ሠራተኛ ዳንቴል አለበሰችው፣ እንደ ቴሌቪዥን።

አቅም ግንባታ የሚለውን ቃል እንዴት እንደምንወደው ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሁሉ አቋቁመንለት ነበር። ለእኔ ግን አቅም ተገነባ የሚባለው "የእኔ ነው" ብሎ የሚረከብ ሲገኝ ነው። ለጥገናው በጀት የሚይዝ፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ልጅ በቋሚ መደብ የሚቀጥር። ሌላው የተውሶ ጌጥ ነው።

ፈረንጅ ልወቅስ አይደለም የተነሳሁት። ከእነሱ መሐል እንደ እህቴ የማያት ሴት አለች። ከሰሜን አውሮፓ የመጣች፣ አጠር ያለች፣ ሁልጊዜ አንድ ሹራብ የምትለብስ። በፕሮጀክቱ ዕቅድ ለእኔ የተያዘልኝ ሥልጠና የሦስት ቀን ነበር። እሷ ግን ማታ ማታ እየቆየች ሁለት ወር ሙሉ ሴል መቁጠር አስተማረችኝ። የፒፔት (ፈሳሽ መጥጦ የሚለካ መሣሪያ) አያያዜን ለአንደኛ ክፍል ተማሪ እርሳስ እንደሚያስይዝ መምህር እጄን ይዛ አስተካከለችው። ስሳሳት አትቆጣም። ቱቦውን ትደፋና "እንደገና" ትለኛለች፣ በአማርኛ። ከምታውቃቸው አምስት የአማርኛ ቃላት አንዱ እሱ ነበር። ለገና ዛሬም ካርድ ትልክልኛለች።

በሌላ በኩል 17 ሰርተፊኬት አለኝ። ቢሾፍቱ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ እየተባለ በሆቴል አዳራሽ የተሰጠ ሥልጠና። አልዋሽም፣ አበሉ ጥሩ ነበር፣ የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ ሸፍኖልኛል። የወርክሾፕ ቦርሳዎቹንም ልጆቼ ደብተር ይዘውባቸዋል። አንዱ ላይ "ወባን እናጥፋ" የሚል ተጽፎ ስለነበር ልጄን ክፍል ውስጥ "ወባ" እያሉ ይጠሯት ነበር። ሦስት የምርምር ጽሑፍ ላይም ስሜ ወጥቷል። መጨረሻ ላይ፣ ምስጋና የሚባለው ቦታ፣ በደቃቅ ፊደል። በአንዱ ላይ የአባቴ ስም ተሳስቷል። ከዚህ ሁሉ እጄ ላይ የቀረው የዚያች ሴት የማታ ትምህርት ነው። ጡረታ እስክወጣ ለስንቱ ልጅ "እንደገና" እያልኩ አስተላልፌዋለሁ።

የተሳካ ነገር የለም እያልኩ አይደለም። ዘነበ ወርቅ ያለውን የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመልከቱ። የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ከአለርት ጎን ያቋቋሙት የኖርዌይና የስዊድን ሕፃናት አድን ድርጅቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ግን ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛወረ። እኔ ያን ዓመት ሞዴል 19 የተቆረጠበት ዓመት ነው የምለው። ኮቪድ ሲመጣ ምርመራ ከሚያካሂዱት ቤቶች አንዱ ሆነ።

ቡታጅራም አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1979 ዓ.ም. ገደማ የጀመረው ጥናት ነው። ዘጠኝ የገጠር ቀበሌና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመረጠ። በየቤቱ እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቅቆ ሄደ ብለው የሚመዘግቡ ልጆች ተቀጠሩ። መንግሥት ሲለወጥም መዝገቡ አልተቋረጠም። በዚያ መዝገብ ላይ ስንት የአገራችን ልጅ ዶክትሬቱን ሠርቷል። የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ይሄን አያደርግም። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ከሁለቱም ወገን።

ከሁሉ የምወደው ግን የአእምሮ ሐኪሞቹን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአገራችን የነበሩት የአእምሮ ስፔሻሊስቶች 11 ናቸው። አሥራ አንድ ሰው፣ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ። ለስፔሻሊቲ ወደ ውጭ ከሚላኩት ሐኪሞች ደግሞ አብዛኞቹ ሄደው አይመለሱም። ስለዚህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነገሩን ገለበጠው። ተማሪ መላኩን ትቶ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እንዲመጡ ጋበዘ። ልብ በሉ፣ ጋባዦቹ እኛ ነን። መምህራኑ በዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ አንድ ወር እየመጡ ያስተምራሉ። ተማሪው እዚሁ አገሩ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ውስጥ፣ ታማሚውን በአማርኛው በኦሮምኛው እያነጋገረ ይማራል። ከስድስት ዓመት በኋላ 11 የነበሩት 34 ሆኑ። እዚያ የሚቃጠል ኮምፕረሰር የለም። የመጣው ዕውቀት ነው፣ የቀረውም ሰው ነው። ሰው ሞዴል 19 አያስፈልገውም፣ የሚያኖረው ደመወዝ ይበቃዋል። (እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም፣ ደመወዛችንን ታውቁታላችሁ።)

ስለ ተመራማሪው አክሊሉ ለማ ሳልጽፍ ባልፍ ሙያዬ ይታዘበኛል። እንዶድን የማያውቅ አንባቢ የላችሁም። አያቴ ነጠላዋን የምታጥበው በእንዶድ ነበር። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ለብልሃርዝያ ጥናት ሄዶ ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አጣቢዎቹ ሲያዩት የኖሩትን ነገር እሱ "ለምን?" ብሎ ያዘው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ነው። ግኝቱ ግን ለዓመታት ተቀባይ አጣ። እንዶድ ለሰውና ለእንስሳት ደኅና መሆኑ ዓለም አቀፍ ደረጃ ባሟላ ላቦራቶሪ ካልተረጋገጠ አይሆንም ተባለ። እሱም፣ ከአፍሪካ ጥሩ ሳይንስ ይወጣል ብሎ ማመን የሚከብዳቸው አሉ ሲል ያማርር ነበር። ከሥራ ባልደረባው ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከአድዋው ቀን 25 ዓመት በኋላ።

ንቀቱ እውነት ነው፣ እኔም አይቼዋለሁ። ነገር ግን "ደረጃ ያሟላ ላቦራቶሪ" ማለት ምን እንደሆነ ከእኛ ከቴክኒሻኖቹ በላይ የሚያውቅ የለም። የፍሪዘሩ ሙቀት ጠዋትና ማታ ሎግ ቡክ ላይ መጻፉ ነው። እሑድም፣ ጥምቀትም። ፒፔቱ በጊዜው ካሊብሬት መደረጉ፣ ማለትም ልኩ ተፈትሾ መስተካከሉ ነው። ቱቦዋን የማን እጅ እንደነካት መታወቁ ነው። ንቀቱን በንግግር አንመልሰውም። በሎግ ቡክ ግን አፍ ማስያዝ ይቻላል። ያ ሎግ ቡክ ደግሞ በዓል ቀን መጥቶ ለሚሞላው ሰው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይፈልጋል። ጨዋታው እዚህ ላይ ነው ያለው።

የኮንጎውን ሐኪም የዣን ዣክ ሙዬምቤን ነገርም ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል። እ.ኤ.አ. በ1976 ያምቡኩ በምትባል ቦታ ያልታወቀ በሽታ ሰው ሲፈጅ፣ ሄዶ ደም ከቀዱት አንዱ እሱ ነው። የአንዲት የታመመች መነኩሴ ደም በፔርሙዝ ተደርጎ፣ በመንገደኛ አውሮፕላን ቤልጂየም፣ አንትወርፕ ደረሰ። እኛ ቡና በምንይዝበት ዓይነት ፔርሙዝ ነው የምላችሁ። በሽታው ኢቦላ ተባለ። ለብዙ ዓመት በየመጽሐፉ የሚነሳው ፔርሙዙን የከፈቱት ሰዎች ስም ነበር። ከ43 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ያው ሰው የአገሩን የምርምር ተቋም እየመራ፣ ከአሁን በኋላ የኢቦላ ናሙና ከኮንጎ አይወጣም አለ። አጨበጨብኩለት፣ ብቻዬን ሳሎን ቁጭ ብዬ።

ጭብጨባዬን ሳልጨርስ ግን ያ ጥር 12 ትዝ አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ከእነዚያ እናቶች ደም ወደ ውጭ የሄደው ግማሽ ዛሬም በሰላም በረዶው ውስጥ አለ። የጠፋው አገሩ የቀረው ነው። ናሙናችን ከአገር አይውጣ ብሎ አዋጅ ማውጣት አንድ ቀን ይበቃዋል። አገር ውስጥ ማቆየት ግን 365 ቀን መብራት፣ ናፍጣ፣ ጄኔሬተር፣ መለዋወጫ፣ የ25 ብር ካርድ ነው። እኛ ደረቅ በረዶ ሲጠፋብን ቃሊቲ የከብት ማዳቀያ ማዕከል ድረስ ሄደን ፈሳሽ ናይትሮጅን እንለምን ነበር። የኮርማ ዘር ለሚያቆዩበት ነው የሚያመርቱት። አንድ ጊዜ አንዱ ሠራተኛ ናይትሮጅኑን እየቀዳልኝ "ለየትኛው ወረዳ ላም ነው?" ብሎኛል።

በእጃችን ላይ ያለው አቅም ምን ያህል እንደሆነም አይተነዋል። በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ኮቪድ ገና ስሙ ሳይወጣለት፣ የተጠርጣሪዎች ናሙና ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተላከ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ግን የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ራሱ መመርመር ጀመረ። ፒሲአር ማሽኑ ነበረ፣ ልጆቹም ነበሩ፣ ኪቱ ሲመጣ ሥራው ቀጠለ። ቀድሞ የተተከለ ነገር የሚያፈራው እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥር ደግሞ ሌላውን ፊቱን አየን። አሜሪካ የውጭ እርዳታ ይቁም አለች፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ የጤና ኮንትራት ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ከእነሱ መሐል እጄን ይዤ ያስተማርኳቸው አሉበት። አንዷ አሁን ባልትና ከፍታለች። በርበሬዋ ጥሩ ነው፣ ግን እሷ እኮ የምታውቀው የቫይረስ መጠን መለካት ነው።

የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በጥር 2007 እዚሁ እኛው ከተማ ተሰብስበው ከአገራዊ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ያውሉ ዘንድ ተስማምተው ነበር። እኔ መቶኛ ላይ አልከራከርም። የምጠይቀው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ፎቶው ላይ ላላችሁት ለ14ታችሁ ነው። ሰነዱን ፈርማችኋል፣ ዝርዝሩ ገና ይጻፋል ብዬ እገምታለሁ። በዝርዝሩ ውስጥ ለጥገና የሚሆን መስመር ይኑር፣ ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላም የሚቆይ። ማሽኑ ቦሌ በደረሰ በወሩ ሞዴል 19 ይቆረጥለት። ሲዘጋ ሳይሆን ሲጀመር። የእኛ ወገን "ገንዘቡን እናንተ አምጡ" ከማለት ይልቅ ትንሽም ቢሆን ከራሱ ካዝና ያስገባ። የራሱን ብር ያወጣበትን ነገር ሰው አይረሳውም። ከሚሠለጥኑት መሐል የባዮሜዲካል ጥገና ልጆች ይኑሩበት። ከናይሮቢ ባለሙያ በአውሮፕላን እያስመጣን ፊውዝ ያስቀየርንበት ጊዜ አለ፣ እያሳፈረኝ ነው የምጽፈው። ደግሞ ለእናቶቹ መልስ ስጡ። ውጤቱ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ወይም "ፍሪዘሩ ተበላሽቶ ጠፋብን" የሚልም ይሁን። ለእነዚያ እናቶች ያንን የነገራቸው ሰው አልነበረም፣ እኔም ሄጄ አልነገርኳቸውም። አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ አንዷ የምታውቀኝ ይመስለኝና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ።

ያ ፍሪዘር ዛሬም እዚያው አለ። ስልኬም ከበሩ ላይ አልተነሳም መሰለኝ፣ ባለፈው ወር አንድ የማላውቀው ልጅ ደወለልኝ። አዲስ የተቀጠረ የባዮሜዲካል ባለሙያ ነኝ አለ። "እትዬ፣ ይቅርታ፣ ቁጥርዎን በሩ ላይ አግኝቼ ነው። የዚህ ፍሪዘር ማኑዋል የት ይሆን?"

"ከበሩ በስተቀኝ ሁለተኛው መሳቢያ፣ ከአሮጌዎቹ ሎግ ቡኮች ሥር" አልኩት። መሳቢያው ሲንኳኳ፣ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።

"አገኘሁት" አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ፣ "እትዬ፣ ዳንቴሉንስ ምን ላድርገው?"

አጥበህ አስቀምጠው አልኩት።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት
ከኮልፌ፣ አዲስ አበባ